ቀላል የበቆሎ ዱቄት

ጥቅምት 8

ዝናብ እስከ ዛሬ የለም። ጎረቤታችን ኡም ዙሄር ወይራዋን አራግፋ ግማሽ ባልዲ ፍሬ ላከችልን። ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ጮኸ… ዘጠና ሁለት ደረጃ። አማን ከተማ ኮረብታ ላይ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያረጅ አስቦ አያውቅም መሰለኝ።

መጋዘን ዋልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ነኝ። ከውጭ በሚመጣው የታሸገ ምግብ ውስጥ ምን ምን እንዳለ በዐረብኛ እጽፋለሁ፤ እነሱ አትመው ፓኬቱ ጀርባ ላይ ይለጥፉታል። ዛሬ እርጎ ነበር፣ "ስብ የሌለው"። የመጋዘኑ ኃላፊ ዋኤል ከላዬ ቆሞ አነበበና "ኡስታዝ፣ የእርስዎ ዐረብኛ እኮ እርጎውን ራሱ ያጣፍጠዋል" አለ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ሠላሳ አንድ ዓመት ዐረብኛ ሳስተምር እንዲህ ያለኝ ተማሪ የለም።

ካርቶኑ የተጨማደደ የዳይት ብስኩት ሰጡኝ፣ አራት ፓኬት። ለሚስቴ ለኢንሷፍ። ከሻይዋ ጋር የምትበላው እሱን ብቻ ነው። ስኳር እንዳለባት የሚያውቅ ሰው ሁሉ "ተይ እንጂ" ሲላት መልሷ አንድ ነው፦ "ባሌ የጻፈውን ነው የምበላው።"

ጠዋት የስኳር መለኪያዋ 243 አለ። ከየት መጣ?

ጥቅምት 11

261። በባዶ ሆድ!

ተጣላን። እኔ ነኝ የጀመርኩት።

"ኢንሷፍ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከተማ ወርደሽ ያንን በሽሮፕ የራሰ ኩናፋ በልተሻል።"

"ኩናፋ? እኔ?"

"ታዲያ ይሄ ስኳር ከሰማይ ወረደ?"

"ወላሂ አልቀመስኩም፣ አቡ ኢያስ። ሽታው እንኳ አልደረሰኝም።"

"መለኪያው አይዋሽም።"

"እኔ ነኛ ውሸታሟ! ጎሽ። በስተርጅና ሌባም ሆንኩልህ።"

ቦርሳዋን ከፈትኩ… ደረሰኝ ፍለጋ። መሐረብና መቁጠሪያ ብቻ። ቆማ ታየኛለች። እንደዚህ ያለ ሰው ሆኛለሁ እንዴ? ግን ቁጥሩስ? ቁጥሩን ምን ልበለው?

ጥቅምት 12

አላናገረችኝም። ሻዩን ግን አቀረበች። ብስኩቷን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በላች።

ጥቅምት 19

ጠዋት "መስኮቱን ማን አቆሸሸው?" አለች። መስኮቱ ንጹሕ ነው። አሻሸችው፣ ከዚያ ዓይኗን አሻሸች። በቀኝ ዓይኗ ውስጥ ጥላሸት የመሰለ ክር ይንሳፈፋል አለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ እኔን ላለማስደንገጥ።

ሆስፒታል ሮጥን። የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ሩላ ወጣት ናት፣ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ከዓይኗ ጀርባ ደም ፈሷል አለች። ስኳሯ ለምን አልወረደም? መድኃኒቱን ትወስዳለች? ትወስዳለች። ምን ትበላለች? ቆጠርኩላት… ምስር፣ ሰላጣ፣ ዳቦ በልክ፣ የዳይት ብስኩት፣ የዳይት እርጎ፣ ስኳር የሌለው ሐላዋ።

"የታሸገውን ሁሉ ሰብስበው ያምጡልኝ።"

ቤት መጥቼ ሰበሰብኩ። አንድ ከረጢት ሞላ። ሁሉም ጀርባው ላይ የእኔ ጽሑፍ አለበት። ኮራሁ እንኳ ትንሽ… አላህ ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 22

ኢንሷፍ ጠብታ ተጨምሮላት ውጭ ተቀምጣለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ከረጢቱን ይዤ ብቻዬን ገባሁ።

ዶክተር ሩላ ብስኩቱን አነሣች። ፊቱን አላነበበችም፤ ገለበጠችው። የእኔን ወረቀት አነበበች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። ከዚያ ጠርዙን በጥፍሯ ይዛ ላጠችው… ቀስ ብላ፣ የቁስል ፋሻ እንደሚፈታ ሰው። ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ።

"ማልቶዴክስትሪን" አለች። "ይኸው፣ ከዱቄቱ ቀጥሎ። ሁለተኛ ላይ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ከበቆሎ ነው የሚሠራው። ሕጉ ስኳር ስለማይለው ፊት ለፊት 'ስኳር የለውም' ብለው ይጽፋሉ። ደም ውስጥ ግን ከስኳር እኩል ነው የሚሮጠው፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል። በቀን ስንት ትበላለች?"

"ስምንት… አሥር።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"ዓመት ከሁለት ወር።"

የላጠችው ወረቀት ጣቷ ላይ ተለጥፏል።

"'ቀላል የበቆሎ ዱቄት' ብሎ የጻፈው ማነው? ቀላል! ምኑ ነው ቀላሉ?"

"አላውቅም" አልኩ።

አላውቅም አልኩ።

ጥቅምት 23

ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቀኑን አስታውሰዋለሁ። ያንን ረጅም ስም እንዳለ በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ቀፈፈኝ። ዐረብኛ ምን ጎድሎት? መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ ከበቆሎ የሚወጣ ቀለል ያለ ነጭ ዱቄት ይላል። ቀላል የበቆሎ ዱቄት! ሦስት ቃል፣ ልጅ የሚያነበው። በደስታ ለመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። ነገሩ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን ለአንድ አፍታ አልጠየቅኩም። ስሙን ነበር የምፈልገው።

ቀላል ሲባል ማን ይጠነቀቃል? ቀላል ሲባል ሰው ይደግማል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የብዕርስ?

እሷ እውነቷን ነበር። ወላሂ እያለችኝ ቦርሳዋን በረበርኩ።

ጥቅምት 25

ዋኤልን ለብቻው አገኘሁት። የብስኩቱን ወረቀት እንቀይር፣ ትክክለኛ ስሙ ይጻፍ፣ ስኳር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ ይባል አልኩት።

ሳቀ። በክፋት አይደለም። "ኡስታዝ፣ ሕጉ ስኳር አይለውም እኮ። ደግሞ ማን ያነበዋል ብለው ነው? ሰው የሚገዛው ፊቱን አይቶ ነው።"

"ሚስቴ ታነበዋለች።"

"አላህ ያቆይልዎት። በሚቀጥለው ጭነት እናየዋለን።"

"የወጣውስ?"

"የወጣውማ ወጣ። በየቤቱ እየዞርኩ ልልቀመው?"

ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። በሩን እንኳ አላላተምኩም። ጀግና የሆንኩ እንዳይመስለኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥቅምት 28

ትልቁ ሱቅ ገብቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፓኬት ጀርባ ሳነብ ቆየሁ። ጥበቃው ሌባ መስዬው ተከተለኝ።

ስብ የሌለው እርጎ… ስቡን አውጥተው ስኳር ከተውበታል። "በተፈጥሮ የጣፈጠ" የሚለው ብስኩት የቴምር ሽሮፕ፣ የሩዝ ሽሮፕ፣ የወይን ጭማቂ አለው። ስኳር ስሙን እየቀየረ በሦስት በር ገብቷል። "ስኳር አልተጨመረበትም" የሚለው መጠጥ እውነቱን ነው፣ አልተጨመረበትም፤ መጀመሪያውኑ ስኳር ነው። ከግማሽ የሚበልጠው የእኔ ጽሑፍ ነው። የሰዋስው ስሕተት ፈለግኩ… አንድም የለም። እንዴት ያምራል!

አንዲት ሴት ብስኩቱን ይዛ መጣች። "አጎቴ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው። ለስኳር ይሆናል ይሄ?"

"አይሆንም። የተቆላ ሽምብራ ግዢ።"

"ስኳር የለውም ይላል እኮ ፊቱ ላይ።"

"ፊቱን ተዪው።"

እኔን አየች፣ ብስኩቱን አየች። ብስኩቱን አመነች።

የገባኝ ይሄ ነው። ፊቱን አትመን፤ ገልብጥ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት አንብብ፤ ብዙ ያለው ነገር ነው መጀመሪያ የሚጻፈው። የስኳሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የካርቦሃይድሬቱን እይ። የማታውቀው ስም ካለ ሳትጠይቅ አትብላ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጀርባ የሌለው ምግብ ነው… ኪያር፣ እንቁላል፣ ሽምብራ፣ ግብጦ።

ለማን ነው ይሄን የምጽፈው? የቀረ ተማሪ የለኝ።

ኅዳር 3

የታሸገውን ሁሉ ከቤት አወጣሁ።

"ብስኩቴስ?"

"ከገበያ ጠፋ።"

"አንተ የምትጽፈው ብስኩት እንዴት ይጠፋል?"

"ጠፋ አልኩሽ እኮ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሥራ መልቀቄን በጉልበቴ አሳብቤ ነው የነገርኳት። ግብጦ ነክሬ፣ ምሬቱ እስኪወጣ ስድስት ቀን ውሃ ቀያየርኩ። እዚህ ስታዲየም በር ላይ እንደሚሸጠው በሎሚና በከሙን አቀረብኩላት። "ምነው፣ ኳስ ልናይ ስታዲየም ገባን እንዴ?" አለች። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ቀኔ ነው? ልጣጩን በጥርሷ እየፈለቀቀች ኩባያውን ጨረሰችው።

ዛሬ ጠዋት 158።

"አየህ አይደል፣ ዱዓዬ ተሰማ" አለች።

"አዎ" አልኩ። ያን ጊዜ መንገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ፈራሁ… በቃ ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም።

ኅዳር 14

ቀኝ ዓይኗ ጠፋ።

ትናንት እንደገና ፈሰሰ። ከዓይኗ ጀርባ ያለው ሽፋን ተላቋል፣ አይመለስም አሉን። ግራውም ደክሟል፤ ሰውና በር ይለያል፣ ፊደል ግን አይለይም። እሱን ለማትረፍ እንሞክራለን አለች ዶክተር ሩላ። አዘነችልኝ መሰል፣ ኮሪደር ላይ ተከትላኝ ወጣች። "ኡስታዝ፣ ራስዎን አይጉዱ። ይሄ የአሥር ዓመት ስኳር ነው፣ የብስኩት ብቻ አይደለም። ያለፈው ዓመት ግን አጣድፎታል።"

አጣድፎታል። ይሄንን ቃል መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ገባኝ።

ደረጃውን በእጇ ግድግዳ እየዳሰሰች ወጣች። "ስንት ቀረ?" ትለኛለች በየአምስቱ። "ትንሽ ነው" እላታለሁ። ውሸት ለምዶብኛል።

ኅዳር 15

መስገጃዬ ላይ ቆምኩ። ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

ኅዳር 20

ነገርኳት።

ከምሳ በኋላ ምስር ትለቅም ነበር። አታየውም። በጣቷ ነው የምትለቅመው፣ ጠጠሩን በመዳሰስ። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና "ብስኩቱ ነው" አልኩ። ከዚያ አላቆምኩም። ቃሉን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ የጋበዝኩትን ሻይ፣ ዶክተሯ ማን ጻፈው ስትል አላውቅም ማለቴን… ሁሉንም። ጣቷ ምስሩ ውስጥ ቆመ።

"እያወቅክ ነው የጻፍከው?"

"አይደለም። ወላሂ አይደለም።"

"እሱን አምንሃለሁ።"

ትንፋሼ ተመለሰ። እፎይ ለማለት ቸኮልኩ።

"ዶክተሯ የነገረችህ መቼ ነው?"

"ጥቅምት ሃያ ሁለት።"

አሰበች። አንዲት ጠጠር አግኝታ አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

"ኩናፋ በልተሻል ስትለኝ ምን ሆንኩ መሰለህ? ራሴን ጠረጠርኩ። ምናልባት በእንቅልፍ ልቤ እየተነሣሁ እበላ ይሆን እንዴ አልኩ። ኡም ዙሄርን ጠየቅኳት እኮ፣ 'ከተማ ስወርድ አይተሽኛል?' ብዬ። ሰው ፊት ተዋረድኩ።"

"ኢንሷፍ…"

"ስለ ዓይኔ አይደለም የምልህ፤ ዓይኔ የአላህ ነው። ወር ሙሉ ታውቅ ነበር። 'አልበላሽም ነበር' ማለት ነው ያቃተህ? ሁለት ቃል?"

ሰው ሌላ ሰው ላይ እንዲህ መጫወት ይችላል? ያውም ቃል አዋቂ ነኝ ባይ?

ኅዳር 21

"ቁርስ" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ያለችው ይሄንን ብቻ ነው።

ኅዳር 27

ግራ ዓይኗ አልባሰበትም። ዛሬ የምሥራች የሚባለው ይሄ ነው። ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ ነበር የተቀመጠችው፤ ስንወርድ ለቀቀችው። ደረጃው ላይ ስንት ቀረ አላለችኝም። ራሷ ቆጠረች።

ታኅሣሥ 2

ዝናብ። ሌሊቱን ጀምሮ ጠዋትም አላባራም። መለኪያው 134 አለ።

ልጃችን ኢያስ ከዱባይ ዕቃ ላከ፦ ካልሲ፣ መድኃኒት፣ አንድ ፓኬት አጃ። "ለስኳር ታማሚ ተስማሚ" ይላል ፊቱ። ኡም ዙሄር ዣንጥላዋን እያራገፈች ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ኢንሷፍ ፓኬቱን በእጇ እያገላበጠች ዳሰሰችው። ከዚያ ተነሣች። እኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

ዞር ብላ ለኡም ዙሄር ሰጠቻት።

"አንብቢልኝ እስቲ። ጀርባውን።"

"እኔ? ኡስታዝ ቆሞ ሳለ?" ኡም ዙሄር ደነገጠች። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ለእኔ ነበር የምታመጣው።

"አንቺ አንብቢልኝ።"

ፓኬቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። "አ…ጃ። ሙሉ አጃ። ቀጥሎ… ብ… ብቃ… ብቆ…"

ቃሉ አፌን ሞላው። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ፊደል ላይ ሲንተባተብ ዝም ብዬ አላውቅም።

"ቀስ በይ የኔ እህት" አለች ኢንሷፍ። "እኔ አልቸኩልም።"

"ብ… ቅ… ል። ብቅል! የብቅል ሽሮፕ።"

"እሱ ስኳር ነው። ዶክተሯ ነግራኛለች። ተይው፣ አስቀምጪው" አለች ኢንሷፍ። "አላህ ይስጥልኝ። ጎበዝ አነበብሽ።"

ወደ እኔ አልዞረችም። እጄ እንደተዘረጋ ነበር። ሰበሰብኩት።