ጽሑፍ የሌለበት ጣሳ

ሰኞ፣ መጋቢት 18። ጠዋት
ዛሬም ሩዝና እንቁላል። ማታ ያው የእማ ሽሮ በጤፍ እንጀራ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የዶ/ሩን ወረቀት ሱቄ መደርደሪያው ላይ ለጥፌዋለሁ፦ ስንዴ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ ማር፣ ቴምር ክልክል። ስድስት ሳምንት ሞክሪ፤ ካልተሻለሽ ረመዳንን መጾም አልፈቅድልሽም ብሎኛል። እማ ከሞተች የመጀመሪያው ረመዳን ነው። አንዲት ቀን እንዳላጎድል ቃል ገብቼላት ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ እንባ የለም። ምን እንደሆንኩ እንጃ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20
እሽግ ሳገላብጥ ዋልኩ። አሥር ዓመት ሸጥኳቸው፤ አንብቤያቸው ግን አላውቅም። እኔ የማየው ሐላል የሚለውን ብቻ። የጎን ሱቋ እትዬ ዘውዴ ደግሞ የጾም መሆኑን ብቻ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ዕውር ነን። አንድ የሾርባ ዱቄት አገኘሁ፣ ጀርባው በዓረብኛ። ፊደሉን በልጅነቴ ቁርኣን ስቀራ ተምሬዋለሁ፤ ትርጉሙን አላውቅም። ጮክ ብዬ አነበነብኩት። ደስ አለኝ። አመንኩትና ራቴን ሠራሁበት።

ኀሙስ፣ መጋቢት 21
ቁርጠት። ቀኑን ሙሉ። ወንድሜ ሰይድ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቶ የመጣ ነው፤ ፓኬቱን አይቶ በሳቅ ሞተ። የሽንኩርት ዱቄት፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ የስንዴ ዱቄት ነው አለ። አንቺ እኮ ለሽንኩርት አሚን ስትይ ነው የዋልሽው አለኝ። ምንም አልመሰለኝም። ይሳቅ።

ዓርብ፣ መጋቢት 29
ከምበላው ብስኩት ወጣ። መኮሮኒ ወጣ። ቱና በዘይት ገባ። የቲማቲም ድልህ፣ ቲማቲምና ጨው ብቻ ያለው፣ ገባ። ሆዴ ግን አልሰማም፤ ያው ነው። ሰይድ ምነው አንዱን ዘለልሽው ብሎ ጓዳ ወዳለው ጣሳ በአገጩ አሳየኝ። ጥዬው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10። ከሰዓት
እሺ ደብተሬ፣ አንቺን እንኳ አልዋሽሽ። ጣሳው የእማ ሽሮ ነው። ባለፈው ዓመት በጋ ያስፈጨችው፣ የመጨረሻዋ። እሽግ አይደለም፣ የሚነበብ የለውም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ሌላው ምግብ ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል። እሱን ስበላ ብቻ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።
ዛሬ ጠዳ ላለችው አክስቴ ለዘሀራ ደወልኩ። አብረው ነበር የሚያዘጋጁት። ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ አለችኝ። ነጭ ሽንኩርቱን በዛ አድርጊው፣ ልጄ ትወደዋለች ትለኝ ነበር እናትሽ አለች። ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 11
ማታ ሩዝ በላሁ። አፈር። ግን በላሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 15። ጠዋት 3 ሰዓት
አራት ቀን ያለ ሽሮ። ሆዴ ረግቧል። አልሐምዱሊላህ ማለት አለብኝ። አልኩ።
ጣሳው ለአክስቴ ይሄዳል። ረመዳን ሲገባ ሠርታ ለጎረቤት ታብላበት፣ ለእማ ሰደቃ ይሁን። ሳልሰጥ ግን ወረቀት ቀድጄ እንደ እሽጎቹ ጽፌ ለጠፍኩበት። ውስጡ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር። አምራች፦ እማ። የሚያበቃበት ጊዜ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይኸው እማ ከሞተች በስድስት ወሩ እንባዬ መጣ። ወረቀቱን ሁሉ አበላሸው።
ሰይድ ጣሳውን ሊያደርስ መኪናውን አስነስቶ ደጅ ክላክስ ያደርጋል። ያድርግ። ያችን መስመር ባዶዋን ትቻታለሁ።