ከቦዩ ማዶ የበቀለው ቀረሮ

ውድ የሰናይት አባት፣

ከተለየኸኝ ሦስት ክረምት አለፈ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ላንተ ግን ዋሽቼ አላውቅም። ቤቱ ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነው። ሰናይት ጅማ ሥራ ይዛለች፣ ትደውላለች። ስልኩ ሲዘጋ የሰማሁትን የምነግረው ሰው ስለሌለ ለራሴ እደግመዋለሁ።

የማትወደውን ወሬ ልንገርህ። ያ ትልቁ ዛፍህ፣ ቀረሮህ ወደቀ። አምና ሰኔ ላይ ነፋስ ከነሥሩ ነቅሎ ቡናችን ላይ ጣለው። በቀብርህ ዕለት ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ። ለዛፍ ታለቅሳለች እንዳልባል በሬን ዘጋሁ።

ከሥሩ ከበቀሉት ችግኞች አንዱን እንኳ ላተርፍልህ ብዬ አጠርኳቸው፣ በጋውን ሙሉ ውኃ አጠጣኋቸው። አንድ በአንድ ደረቁ። ችግኝ ጣቢያ ስትሠራ የነገርከኝን መች ሰማሁህ? ከእናቱ ሥር የወደቀ ዘር አይጸድቅም፤ የእናቲቱን ቅጠል የለመደ ትል ወርዶ ልጆቿን ይጨርሳል፤ የሚተርፈው ጦጣ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ርቃ የተፋችው ነው ትል ነበር። እኔ ደግሞ ከእናት ጉያ የተሻለ ቦታ የት አለ ብዬ እሟገትህ ነበር። ሰናይትን ጅማ አትሄጂም ብዬ ያስቸገርኳትም በዚሁ ልቤ ነው።

እናም ጦጣ የተፋችውን ፍለጋ ስዞር ከረምኩ። አንድ ቀን ከቦዩ ማዶ፣ በጋሽ ገብሬ ቡና መሀል ቅጠሉን አየሁት። አዎ፣ እሱው። የቀረሮው ጥላ ቡናዬን አቀጨጨው ሲልህ ቅርንጫፉን አልቆርጥም ብለኸው ሰባት ዓመት የተኳረፍከው ጎረቤታችን። ቀብርህ ላይ ከዳር ቆሞ ነበር፤ ስላንተ ብዬ ሰላም አላልኩትም።

ቡናው የሚታረምበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ አራሚ ደግሞ ችግኝን ከአረም አይለይም። ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው አንተን የከዳሁ እየመሰለኝ ቦዩን ተሻገርኩ።

ስደርስ ዙሪያው በቀርከሃ ታጥሯል። ጋሽ ገብሬ የየትኛው ዛፍ ልጅ እንደሆነ ገና ከቅጠሉ አውቆት፣ አንተ ካረፍክ ጀምሮ በየዓመቱ ራሱ ሲያርምለት ኖሯል። ሊነግረኝ ፈልጎ ፊቴን ፈርቶ ተወው።

ሳላስፈቅድህ ታርቄያለሁ፤ ቅር ቢልህም ቻለው። ችግኙ ወገቤ ደርሷል። ፍሬውን እኔም እሱም አናይም። ግን እዚያ ቆመን አንተን እናነሳለን፤ ግትርነትህን እሱ ያወራል፣ የቀረውን እኔ። ስምህን አብሮኝ የሚያነሳ ሰው ሌላ የለኝም። እኔና እሱ እስካለን ድረስ በዚህ ሰፈር ሁለት ሰው ያስታውስሃል።

ያንተዋ፣ የሰናይት እናት