በምድር ቤት የተቆጠሩ ሴኮንዶች

ወንድማችን በ1943 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ፊዚክስ ተምረው በ1966 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ጣቢያ ተቀጠሩ። መሣሪያቸው የተተከለው በአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ደረጃውን በኃይል እየረገጠ መሣሪያውን የሚያናውጠውን ሁሉ ስለሚቆጡ ተማሪዎቹ «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ ሰፈሩም በዚሁ ጠራቸው።

ሥራቸው መጠበቅ ነበር። ሩቅ አገር መሬት ሲንቀጠቀጥ ሞገዱ ከሥር ይመጣል፤ ከአንዱ የድንጋይ ንብርብር ወደ ሌላው ሲያልፍ ከፊሉ ዘግይቶ ይደርሳል። እሳቸው የዘገየበትን ሴኮንድ ቆጥረው የንብርብሩን ጥልቀት ያሰላሉ። በ1978 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ማንም ያላወቀው ንብርብር አገኙ፤ መማሪያ መጽሐፍም ገባ።

በ1971 ዓ.ም. መምህርት አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል። ለአንዷም ምጥ አልደረሱም፤ ሁለቱንም ጊዜ የሆነ አገር መሬት ተንቀጥቅጦ ነበር። ባለቤታቸው «የእኔ ባል አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሥር ነው የሚኖረው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ፤ ያን ቀንም ባል ምድር ቤት ነበሩ።

በ2008 ዓ.ም. በጣቢያው ያሠለጠኗት የቀድሞ ተማሪያቸው ቤታቸው መጣች። መሣሪያ ወስዳ እዚያው አካባቢ ጠንካራ አለት ላይ ተክላ ነበር፤ የዘገየ ሞገድ አልታየም፣ ንብርብሩ የለም። ከምድር ቤቱ ሥር ያለው ለስላሳ አፈር ሞገዱን ወዲያ ወዲህ እያላጋ ሲያዘገየው ኖሯል። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብላ አለቀሰች። ሳምንት ሙሉ ስሌቱን ሲያገላብጡ ሰንብተው «ልክ ነሽ ልጄ» አሏት።

ይታረምልኝ ብለው ለመማሪያ መጽሐፉ አዘጋጆች ሰባት ደብዳቤ ጻፉ። «ጡረታ ወጥተው ምን አስጨነቀዎት?» ተባሉ። አቤት፣ እንዴት ያለ መልስ ነው! መጽሐፉ ዛሬም እንዳለ ይታተማል። «ሚስቴን ለምን ብዬ ነው ብቻዋን የተውኳት?» እያሉ ኩላሊታቸውን ታመው ሦስት ዓመት ተኙ፤ ማንም ሊያጽናናቸው አልቻለም።

ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና ይህን የጻፈች ታናሽ እህት ትተዋል። ልጆቻቸው «አክስቴ፣ በሬሳው ፊት ለምን ታዋርጂዋለሽ? ተዪው» ብለው ለምነዋታል። እሷ ግን ቃል ገብታለች፤ የሚሰማቸው ያጡት ወንድሟ በመቃብራቸው አፋፍ ይነበብልኝ ያሉት ይህ ነው፦ «ተሳስቻለሁ። ንብርብሩ የለም፤ ለልጆቻችሁ አለ ብላችሁ አታስተምሩ።»

ራሳቸውን ይቅር ሳይሉ ሄደዋልና፣ ፈጣሪ እሱ ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።