ስልኬ ያላስተማረኝ ቃል

ልጄ፣ ያን የከበደ ሆድሽን ይዘሽ በሰላም ውጪ፣ በሰላም ግቢ። እኛ ደህና ነን፤ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠገነ።

ስልኬ ላይ በጫንሽልኝ ትምህርት ያለሽበትን አገር ቋንቋ ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ እማራለሁ። ስናገር ውስጡ ማን ተቀምጦ እንደሚያዳምጠኝ ይገርመኛል። ግን አልተስማማንም። «ሁለት ወንድሞች አሉኝ በይ» ይለኛል። ያለኝ አንድ ነው፤ አንድ ስለው ቀይ ያበራብኛል።

አክስትሽ «ስልክ እኮ ነው እትዬ፣ ፍርድ ቤት የቆምሽ መሰለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ፤ ያልሆነውን ሆነ ማለት አፌ እንቢ አለኝ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለወሊድሽ ስመጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቢያቆሙኝ ስልኩ እንዳስተማረኝ ስለ ፖምና ስለ ውሻ ላወራቸው ነው? እባክሽ «እናቷ ነኝ፣ አስገቡኝ» የሚለውን በነሱ ቋንቋ፣ በራስሽ ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ። እሱን ሳልሳሳት እለዋለሁ።

እኔ አጠገብሽ ቆሜ በሰላም ያገላግልሽ።

እናትሽ