በመሐረብ ቋጥረሽ የላክሽው ኪኒን

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? ደም ግፊትሽስ? የመንደራችን የራሻያ ብርድ ዘንድሮ እንደማይምር ሹፌሩ አቡ ነስሪ ነግሮኛል፤ ምድጃው ጢሱን ወደ ቤት መመለሱን ትቷል? እህቴ ሪማና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ወደ ታች ስታነቢ ይገባሻል።

እሽጉ ደርሶኛል። የላብኔው እርጎም ወይራውም በደህና ገብተዋል። የደረቀው በለስ ግን ጎድሏል። አቡ ነስሪ «ከረጢቱ ራሱ ተቀደደ እንጂ እጄን አልሰደድኩም» ብሎ በልጆቹ ስም ይምላል፤ ጢሙ ላይ ግን የበለስ ፍሬ ነበረበት። በመሐረብ ቋጥረሽ የላክሽው ማረጋጊያ ኪኒንም ደርሶኛል። የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ድምፁን ለቀሽ ታወሪያለሽ፣ ጎረቤታችን ዋዲዓ ደግሞ አጠገብሽ ተቀምጣ እኔ ሳልጨርስ ትመልስልኛለች። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ለብቻሽ አንብቢው። አትደንግጪ።

ሐኪም ቤት የምመላለስበትን ታውቂያለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ መቀስ ማንሳት አቅቶኝ፣ የሰው መጋረጃ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ ከማሽኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርም ነበር። የጠዋቱ የድብርት ኪኒን ብቻውን አልበቃ ሲል፣ ዶክተር ታኑስ ኬታሚን የሚባለውን ጨመረበት። ለቀዶ ጥገና ሰው የሚያደነዝዙበት መድኃኒት ነው፤ በትንሹ ሲሰጥ ግን ድብርት አልለቅ ያለውን ሰው ይረዳል ይላሉ። እንደ ጉሉኮስ በክንዴ ቀስ እያለ ይገባል። አርባ ደቂቃ ያህል እተኛለሁ፤ ሲስተር ማርሊን ግፊቴን በየጊዜው ትለካለች።

ሲስተር ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ ወረቀቷን ይዛ «ዛሬ ምን ምን ውጠሃል? የቅጠል ሻይም ቢሆን ንገረኝ» ትለኛለች። እኔም «የጠዋቱን ብቻ» እላለሁ። የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር፣ እማዬ። ከእናቴ የመጣ ነገር መድኃኒት ተብሎ ይጻፋል ብዬ አላሰብኩም፤ በለሱንስ መች አስመዘገብኩ? መጀመሪያ ስትልኪልኝ «ልብህ ሲመታ አንዷን ዋጥ፤ አባትህ የሞተ ጊዜ እኔን ያቆመችኝ እሷ ናት» ብለሽኝ ነበር። እኔም ብዙውን ቀን እውጣት ነበር። በሕክምናው ጠዋትማ፣ መርፌ እንደምፈራ ታውቂያለሽ፣ ሳልውጣት ሄጄ አላውቅም።

አራት ጊዜ ተሰጠኝ፤ ምንም የለም። ዶክተሩ ግራ ገባው። «ሌላው እስካሁን ፊቱ ይፈታለት ነበር፤ አንተ ግን ተኝተህ ትነሳለህ፣ ያው ነህ» አለኝ። ባለፈው ሐሙስ፣ በአምስተኛው፣ እንቅልፌ ከበደና ትንፋሼ ዘገየ። ማሽኑ ሲጮህ ሲስተር ትከሻዬን ይዛ «ሂክማት! ተንፍስ እንጂ! መተንፈስም እኔ ላስተምርህ?» እያለች ኦክስጅን አደረገችልኝ። ነቅቼ ጃኬቴን ስለብስ መሐረቡ ወደቀና ሁለት ኪኒን አልጋው ሥር ተንከባለለ። ተንበርክካ አነሳችው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። «የእናቴ ነው» አልኳት። «እናትህ ፋርማሲ ከፍታለች?» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ዶክተር ታኑስ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የጠዋቱ ኪኒን ከኬታሚን ጋር እንደሚሄድ፣ እሱንም አይቶ እንደፈቀደው ነገረኝ። ያንቺ ማረጋጊያ ግን ሌላ ነው አለ። አንደኛ፣ የኬታሚኑን ሥራ ሊያደበዝዘው ይችላል፤ አራቱ ጊዜ በከንቱ የሄደው ምናልባት በዚህ ነው። ይብስ ደግሞ፣ ሁለት የሚያስተኛ ነገር አንድ ላይ ሲሆን ትንፋሽንም ይዞ ይተኛል። እኔም ደንግጬ «ዛሬውኑ ሁሉንም እጥላለሁ፣ የጠዋቱንም ጭምር» ስለው እጄን ያዘኝ። የጠዋቱን እንዳልነካ፣ ማረጋጊያውንም ሰውነቴ ስለለመደው እሱ በሚለኝ መጠን በየሳምንቱ እየቀነስኩ እንድተው አዘዘኝ። እስከዚያ ኬታሚኑ ይቆያል።

ልወጣ ስል ጠራኝና «አንተ የእሷን የምትውጥ ከሆነ እሷስ ምን እየዋጠች ነው?» አለኝ።

ሪማ እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍም እንዳጣሽ ስትነግረኝ ብርዱ ነው ብዬ ነበር። አሁን ገባኝ። ከራስሽ ቀንሰሽ ነው የምትልኪልኝ። እማዬ፣ ይህን ሳስብ አለቀስኩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ሲጠይቁኝ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ስሚኝ። ከእንግዲህ ለእኔ አትላኪ። አንቺም በድንገት አትተዪው፣ በራስሽም አትጨምሪ። ነገ ያዘዘልሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ያደረግሽውን ሳትደብቂ ንገሪው። ከዚያ ሐሙስ በአቡ ነስሪ መኪና ወደ እኔ ነይ። ዶክተር ታኑስ አንቺንም ያይሻል፤ እኔ ዘንድም ትከርሚያለሽ። አባቴ በዚህ ከተማ ሆስፒታል ካረፈ ወዲህ ቤሩትን ዳግም አልረግጣትም ማለትሽን አልረሳሁም። ቀላል ነገር እንዳልጠየቅሁሽ አውቃለሁ። ግን አንድ ሌላ ውሸትም ነበረብኝ። ከሕክምናው በኋላ ወደ ቤት የሚወስደኝ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ «የአጎቴ ልጅ ታች ይጠብቀኛል» እያልኩ ብቻዬን በአውቶቡስ እመለስ ነበር። አሁን ሲስተር «የአጎትህን ልጅ ፊቱን ሳላይ መርፌ አልነካም» ብላለች።

ሪማን ሳሚልኝ። ባሏ ምድጃውን እንዲያይልሽ ንገሪው። ልጆቿን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ለትንሿ መጋረጃዋን እንደምሰፋላት ንገሪያት። ዋዲዓንም ሰላም በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንዳነበበችው ስለማውቅ፣ የቤቱን ቁልፍ አደራ። መሐረቡን አጥቤ ልኬዋለሁ። ስትመጪ የምትውጪውን ሁሉ፣ የግፊቱንም ዋዲዓ የምታፈላልሽን ቅጠልም፣ ቋጥረሽበት ነይ፤ ሲስተር ትጽፈዋለች።

በሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይ «የሚወስደው ሰው ስም» የሚል ባዶ መስመር አለ። ያንቺን ስም ጻፍኩበት።

ልጅሽ ሂክማት
ቤሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.