የዚህ ወር ውሃ ከመጨረሻው ማሳ ይጀምርልን

ለመስኖ ውሃ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ የካቲት 12

ጉዳዩ፦ የማኅበራችን የውሃ ተራ በዚህ ወር ከታች ወደ ላይ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አቤቱታ ስቀበል ኖሬ፣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝ፣ የሰው ማመልከቻ እስከ መጨረሻው አንብቤ ስለማላውቅ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ።

2. ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀው ሥልጠና፣ መሬትና ውሃን ሳይጨርሱ ስለመጠቀም የሚያስተምር የቡድን ጨዋታ ተጫውተን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቦይ ተስሏል፤ ውሃው ሰማያዊ ጠጠር ነው፤ አንዱ ዙር አንድ ዓመት ነው። ከላይ ያለው የፈለገውን ያነሳል፣ የተረፈው ወደ ታች ይወርዳል። አሰልጣኟ ይህን ስታስረዳ «ይሄ ለልጆች ነው» ብዬ ጮክ ብዬ መሳቄን አልደብቅም። በእውነተኛው ቦይ የእኔ ማሳ አንደኛ፣ የታናሽ እህቴ የመጨረሻው ነው። ዕጣው ግን እሷን ከላይ፣ እኔን ከታች አስቀመጠን።

3. በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጠጠር ደረሰኝ፣ በሁለተኛው አንድ፣ በሦስተኛው ምንም። አሰልጣኟ «ሰብልዎ ደርቋል» ብላ የወረቀት ቲማቲሜን ከጠረጴዛው ስታነሳ ደሜ ፈላ። ክቡር ሆይ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ። ለወረቀት ቲማቲም ብዬ ተነስቼ «እኛስ ሰው አይደለንም ወይ?» እያልኩ ጠረጴዛ ደበደብኩ። አዳራሹ አውካካ።

ከዚያም በጨዋታው ደንብ መሠረት ለላይኛዋ ማመልከቻ ጻፍኩ። እህቴ ሳታነበው «ታይቷል፤ ተራዎን ይጠብቁ» ብላ ፈርማ መለሰችልኝ። ባለፉት አራት ዓመታት እሷ ባስገባቻቸው አራት ማመልከቻዎች ላይ ይህንኑ ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

4. በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ «ምነው እንዲህ ጨከንሽ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ እኔኮ የተጫወትኩት ሦስት ዙር ብቻ ነው» አለችኝ።

5. በማግስቱ ማሳዋ ድረስ ሄድኩ። ሊቀመንበር ከሆንኩ ወዲህ ቦዩን እስከ ጫፉ ስሄድበት የመጀመሪያዬ ነው፤ ሁልጊዜ ሥራ በዛብኝ እላለሁ፣ መንገዱ ግን ሃያ ደቂቃ ነው። የቦዩ ወለል ተሰነጣጥቋል። እህቴ በጀሪካን ውሃ እያመላለሰች፣ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ችግኝ ታጠጣለች። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። በጣም አፈርኩ።

6. በደንባችን የውሃ ተራ ከላይ ይጀምራል፤ ታች ሳይደርስ የወሩ ውሃ ያልቃል። ይቀየር ብዬ ለኮሚቴው ሐሳብ አቀረብኩ። ሰባታችንም የላይ ማሳ ባለቤቶች ስለሆንን ስድስት ለአንድ ተሸነፍኩ። «ጨዋታውን የምር አደረግኸው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ኮሚቴውን የመረጥኩት እኔው ስለሆንኩ የምወቅሰው ሰው የለኝም።

7. ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ባለው ሥልጣን ተራው ከታች እንዲጀምር ትእዛዝ ይሰጥልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። የእህቴ ችግኝ ከሐሙስ አያልፍም። ውሳኔዎ እስከዚያ ካልደረሰኝ፣ ከራሴ ማሳ ጀምሬ የላይኞቹን የውሃ በሮች ዘግቼ ውሃውን ወደ ታች እለቀዋለሁ። ይህ በደንባችን አንቀጽ ስድስት የሚያስከስስ ጥፋት ነው፤ አንቀጹን ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ። ክሱን ማን ይጻፈው ብለው እንዳይቸገሩ፣ በራሴ ላይ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ከአክብሮትና ከብዙ እፍረት ጋር፣

(ፊርማ)
የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ለጊዜው