ከብሌን ላይ የሚላጥ ስስ ገለፈት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኢያቄም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነ? የናይሮቢ ዝናብ ሲበረታ ይነሣብኛል ብለኸኝ ነበር። ባለቤትህ ደራርቱ አዲሱ ሥራ ተስማማት? ልጅህ ዮርዲስ ፈተናዋን ጨረሰች ወይስ አሁንም ቤቱን በመጻሕፍት ሞልታ ሰው እንዳይናገር ትከለክላለች? እኛ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነን። ሀብትነሽ ሚስትነቱን ትታ አስታማሚ ሆናለች፤ ልጃችን ሀኒም ጠብታዬን በሰዓቱ እንድጨምር እንደ ወታደር ታዘኛለች።

ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። በስልክ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር አታስጨርሰኝም፤ «ተዋቸውና እዚህ ና፣ የተሻለ ሐኪም አለ» ትላለህ፣ እኔም እናደድና እዘጋዋለሁ። እዚያ ቀጠሮ እንደያዝክልኝ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ለሥራ ወደ እናንተ በሚመጣው የመሥሪያ ቤቴ ባልደረባ በጃዋር እጅ ልኬዋለሁ። አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትደውል።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ብሌን የምንለው ከዓይን ፊት ያለው መስታወት ነው። ከኋላው አንድ ረድፍ ሕዋሳት ተደርድረውበታል፤ ሥራቸው ውሃ ማውጣት ነው፣ ምድር ቤት ውስጥ እንደምንተክለው ፓምፕ። የቀኝ ዓይኔ ፓምፖች እየሞቱ ስለሆነ ብሌኑ ውሃ ይቋጥራል፤ ግራውም በዚያው መንገድ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ዓለሙ ሁሉ እንፋሎት የያዘው መስኮት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይጠራል። ባምቢስ ቆሜ ታክሲ የምሳፈረው የረዳቱን ጥሪ በጆሮዬ ለይቼ ነው። ባለፈው ወር በምቆጣጠረው ሳይት ላይ የምሰሶ ቀጥታ ለማየት ቱንቢ አስጥዬ ክሩ አልታይ አለኝ። ኮንትራክተሩ አየኝና ፈገግ አለ። ሐኪም ቤት ያስገባኝ ያ ፈገግታ ነው።

ድሮ ብሌኑን ሙሉ በሙሉ አውጥተው የሟች ሰው ብሌን ይሰፉ ነበር። ለእኔ የሚሆነው ግን የውስጠኛውን ገለፈት ብቻ መቀየር ነው። ውፍረቱ የፀጉርህን አንድ ስድስተኛ ቢያህል ነው። ይህን ገለፈት ከለጋሹ ብሌን ላይ ሳይቀደድ መላጥ አለባቸው፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግልኝ በነበረው ሐሙስ ኡራኤል አካባቢ ባለው የዓይን ክሊኒክ ጋውን ለብሼ ተራዬን እጠብቃለሁ። እንግዳ ተቀባይዋ «አባባ» ስላለችኝ ቀድሞውንም ተቆጥቻለሁ። ለጋሹ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው ሲሉኝ ደግሞ፣ ለእኔ ሲሆን አሮጌ ዕቃ ነው እንዴ ብዬ አጉረመረምኩ። ከዚያ ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር አርያም ራሷ መጣች። ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ፣ «ገለፈቱን ስልጠው እስከ መሃሉ ተቀደደብኝ። እርስዎ ዓይን ውስጥ አላስገባውም። ዛሬ አንሠራም» አለችኝ። ያልኩትን ሁሉ አልደግምልህም። ባጭሩ፣ እኔ ሳይት ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው በማግሥቱ በሩን አያልፍም አልኳት። አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ ጋሽ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የታመመው ዓይንህ ነው አፍህ?» አሉኝ። ነርሶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ዶክተሯ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «ሲረጋጉ ይምጡ፤ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይዎት» ብላኝ ሄደች።

አልተረጋጋሁም፤ ግን ሄድኩ።

ለልምምድ የተቀመጠ ብሌን አወጣች። ሕዋሳቱ ስላነሱ ለሰው አይሆንም፤ ቤተሰቡ ለትምህርትም ይሁን ብለው ፈቅደዋል። ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው የሚያሳይ ስለሆነ እኔ ወዲህ ማዶ በግራ ዓይኔ አየሁ። ብሌኑ እንደ ሰዓት መስታወት ጎበጥ ያለ፣ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ያለው ነገር ነው። ገልብጣ እንደ ሲኒ አስቀመጠችው። ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገችበት፤ ያለ ቀለም ገለፈቱ አይታይም። ጠርዙን ዙሪያውን በደነዘ መንጠቆ ጫር ጫር አድርጋ አስነሣችው፤ ከዚያ ሁሉንም ፈሳሽ ውስጥ አጠለቀችው። ለምን አልኳት። አየር ላይ ከሆነ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ፈሳሽ ውስጥ ግን ይንሳፈፋል አለች። ጠርዙን በወረንጦ ይዛ ወደ ላይ ሳይሆን አግድም፣ ዝግ ብላ ሳበችው።

አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠርዙ መሰንጠቅ ጀመረ። እኔ ብሆን ስቤ እጨርሰው ነበር። እሷ ለቀቀችው። ዞራ ከተቃራኒው ጠርዝ ያዘችና ወደ ስንጥቁ መጣች፤ ስንጥቁ እዚያው ዳር ላይ ቀረ። ገለፈቱ እንደተላቀቀ በራሱ ተጠቀለለ፤ ልክ የእኛን ቢሮ ጥቅል ንድፍ ይመስላል፣ መጠኑ ግን የጤፍ አገዳ ስባሪ ቢያክል ነው። ሁልጊዜ ሕዋሳቱን ወደ ውጭ አድርጎ ነው አሉ የሚጠቀለለው። ለምን ወደ ውጭ? አልኳት። «ከሁለቱ ገጾቹ አንደኛው ይበልጥ ስለሚኮማተር ይመስለናል» አለች። «ይመስለናል» ማለቷን ወደድኩላት።

ስለ አሮጌው ዕቃም ጠየቅኳት። የወጣት ገለፈት ሙጭጭ ብሎ አልላቀቅም ይላል፣ ዓይን ውስጥም ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ አልፈታም ይላል፤ የሚመረጠው የአዛውንት ነው። ኮንክሪትም ሲቆይ ነው የሚጠነክረው፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ቤት ስገባ አላስችል አለኝ። ከሽንኩርት ንብርብር መካከል ያለውን ስስ ገለፈት ታውቀዋለህ? ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልቼ በሀኒ የቅንድብ ወረንጦ መላጥ ጀመርኩ። ወደ ላይ ስስበው ይበጠሳል፤ አግድም ስስበው ትንሽ ይሄድና ይበጠሳል። ሀብትነሽ መጥታ፣ «አምኃ፣ ያ የጾም ወጡ ሽንኩርት ነው፤ ሐኪም መሆን ካማረህ በራስህ ገንዘብ ግዛ» አለችኝ። ሙሉውን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳካልኝም። ሽንኩርት ደግሞ ከዚያኛው ጋር ሲተያይ ሸራ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ፣ የሐሙሱን ብሌን የት ጣላችሁት ብዬ ጠየቅኳት። አልተጣለም። የተቀደደው የውስጡ ገለፈት ብቻ ስለሆነ፣ የፊተኛው ክፍል ብሌኑ ሾጥጦ ማየት ላቃተው አንድ ወጣት ተሰፍቶለታል። ለጋሹ ማን እንደነበረ አይነግሩኝም። ግን ለቀስተኛ እየገባ እየወጣ ባለበት ሰዓት ከቤተሰቡ አንዱ ልቡን አጽንቶ «ይሁን» ብሏል፤ ይህን ሳስብ የጮኽኩት ጩኸት ለራሴም ይሰማኛል።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ የተቀደደውን ቢያስገቡትስ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? «ማንም» አለች። «አልያዘም፣ ሰውነትዎ አልተቀበለውም እንልዎት ነበር።» ኢያቄም፣ ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ሥራ ስቆጣጠር ኖሬያለሁ። በልስን የተሸፈነ ስንጥቅ ስንት ጊዜ በመዶሻ እንዳወጣሁ አንተም ታውቃለህ። እኔ ሳላገኘው ቀድሞ መጥቶ «ምሰሶው ተሰንጥቆብኛል» ያለኝ ሰው ግን የለም። እሷ መጣች፤ ያውም እንደምጮህ እያወቀች።

የፊታችን ማክሰኞ ሌላ ብሌን ተዘጋጅቶልኝ ቀዶ ጥገናው ይደረግልኛል። ከፈለግኩ በዕድሜም በልምድም የሚበልጣት ሐኪም እንዲሠራኝ ልታመቻች እንደምትችል ነገረችኝ። አልፈልግም አልኳት። ቢቀደድስ ይነግሩኛል? አልኳት። «እነግርዎታለሁ» አለች። እንደገና እጮኻለሁ አልኳት። «ይጩሁ፤ ጠብታውን ብቻ እንዳያቋርጡ» አለች፤ ሳቅ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የናይሮቢውን ቀጠሮ ሰርዝልኝ። ገለፈቱን የሚይዘው ስፌት አይደለም፣ የአየር አረፋ ነው፤ የፎቅ ወለል ሶሌታ እስኪጠነክር ከሥር በአጣና እንደምንደግፈው ማለት ነው። አረፋው ወደ ላይ እንዲገፋ ለጥቂት ቀናት በጀርባዬ ተኝቼ ኮርኒስ ማየት አለብኝ። ኮርኒሱ በአግባቡ አለመሠራቱን ከአሁኑ አይቼዋለሁ።

ደራርቱን ሥራው ይቅናሽ በልልኝ። ዮርዲስን ስለ ሕዋሳቱ ዝርዝሩን ከፈለገች ትጻፍልኝ፣ እመልሳለሁ በላት። አንተም ወገብህን አሳርፈው፤ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ቅጠር። ሀብትነሽና ሀኒ ሁላችሁንም በናፍቆት ይስሟችኋል።

ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ መደበቅ ልማዳችን ነው፤ አባባ ያረፈ ጊዜ አንተ የሰማኸው ከሁላችን በኋላ ነበር። ማክሰኞ ማታ ሀብትነሽ ትደውልልሃለች። ደኅና ከሆንኩ ደኅና ነው ትልሃለች፤ ከተቀደደም ተቀደደ ትልሃለች። አስምያታለሁ።

ወንድምህ አምኃ

ቂርቆስ፣ ባምቢስ ጀርባ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.